ደሞዝ ብቻ አይደለም የሚለየው

ዛሬ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሌላ ከተማ ስላገኘው ሥራ ስናወራ ዋልን፣ ደሞዙ ከአሁኑ በጣም ይበልጣል ግን የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ሲደመር ጭማሪው ከእጅ ያልቃል፣ እዚሁ ቢቀር ደሞ በሙያው ሌላ ቀጣሪ የለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ምሁር አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 የፃፈው ይሄንኑ ነው፣ ባለሙያና ቀጣሪ አንድ ቦታ ሲከማቹ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሌላው አካባቢ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ጀርመንን እዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ አንድ አገር ሆነው እንኳን የምስራቁ ደሞዝ ዛሬም ከምዕራቡ ያንሳል፣ ወጣቱ በተለይ ሴቶቹ ጥለው ሄደዋል። የአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሰው ነበራት፣ በ2020 ቆጠራ 640 ሺህ ገደማ ቀረ! መንገዱና የውሃ ቧንቧው የተዘረጋው ግን ለዛ ሁሉ ሕዝብ ነው፣ ማን ይጠግነው?

"ሥራ ወዳለበት ሂዱ" የሚሉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። የታመመ ወላጅ ያለውስ? ደሞ ሥራ በጠፋበት ከተማ የቤት ዋጋም አብሮ ይወድቃል፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የከፈለበትን ቤት ሸጦ ሥራ ባለበት ከተማ አንድ ክፍል እንኳን መግዛት አይችልም።