የምኒልክ ብር፣ የፕላስቲክ ሣጥንና የተሳሳተው ዓመተ ምሕረት

በአሜሪካ የሳንቲም ኤግዚቢሽን ላይ የኢትዮጵያ ሳንቲም ለመግዛት ያሰበ ሰው ከማጉያ መነጽርም ከካታሎግም በፊት የግዕዝ ቁጥር ይያዝ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ፊደል ቆጥረን ያደግነው እንኳን ከአሥር በላይ ያለውን ረስተነው ነው የምንገባው፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ጨርሶ አያነቡትም። በሁለቱ መካከል ብዙ ገንዘብ ይባክናል፤ ብዙ ገንዘብም ይገኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የባልቲሞሩ ኤግዚቢሽን ይቀርበኛል። በከተማዋ የስብሰባ ማዕከል በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይካሄዳል። አገባቡ ቀላል ነው፤ በር ላይ ትመዘገባላችሁ፣ ባጅ ታንጠለጥላላችሁ፣ ከዚያ የማያልቅ የጠረጴዛ ረድፍ ይጠብቃችኋል። አብዛኛው የአሜሪካ ሳንቲም ነውና እለፉት። የሌላ አገር ሳንቲም የሚሸጡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ በፊደል ተራ ከኤርትራ አጠገብ ትገኛለች። አንዳንዱ ነጋዴ ግን የእኛን ሳንቲም ከኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጠዋል። ደም ያፈላል። ቢሆንም ዋጋው የሚረክሰው እዚያ ክምር ውስጥ ስለሆነ ተቆጥታችሁ አትሂዱ፤ ቆማችሁ ፈልጉ።

የኪስ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ ነጋዴ ሚዛን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። የምኒልክ አንድ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ወደ 28.07 ግራም ሆኖ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ነው። ሁለቱም በውስጣቸው ከ23 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ብር አላቸው ማለት ነው። ይህን በዕለቱ የብር ገበያ ዋጋ አባዙት፤ የምታገኙት ቁጥር የዋጋው ወለል ነው። ስታሰሉ የዓለም ገበያ አውንስ 31.1 ግራም መሆኑን አትርሱ፤ በእኛ ወቄት ያሰላ ሰው ይሳሳታል። ከወለሉ በታች የሚሸጥላችሁ ካለ ዕቃውን ሁለት ጊዜ መዝኑት።

ዋጋውን ከወለሉ በላይ የሚያወጣው ታሪኩ ነው፤ ማጭበርበሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የብር ሃምሳ ሳንቲም አሳየኝ። ካርዱ ላይ 1936 ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋው በሌሎች ጠረጴዛዎች ካየሁት ብዙ እጥፍ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው ፊቱ በራ። «ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት የተመታ የመጨረሻው ገንዘብ ነው» አለኝ። ያማረ ታሪክ ነው፤ ችግሩ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ የእኛ አቆጣጠር ነው። በእነሱ 1943 መጨረሻና 1944 ማለት ሲሆን፣ ኢጣሊያ ተባርሮ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ነው። ይህ ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ ከዚያም በኋላ ስለተመታ በዕድሜውም ብርቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ነገርኩት። አመሰገነኝ፤ ካርዱን ግን አልቀየረውም። ሁለት ጠረጴዛ ሳልርቅ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ያንኑ ተረት ለሌላ ሰው ሲጀምር ሰማሁት።

ከዚያ ዘመን መግዛት ካማራችሁ ጠርዙ ክብ የሆነውን ሃያ አምስት ሳንቲም ፈልጉ። መጀመሪያ ሲወጣ እንደ ሃምሳው ክብ ነበር። የመዳቡ ሃያ አምስት በብር እየተቀባ በሃምሳ ሳንቲም ስም መገበያያ ሲሆን መንግሥት ሰበሰበውና ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደርጎ ተመለሰ። ክቡ የቀረው ጥቂት ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ አደባልቆ የሚሸጥ ነጋዴ አጋጥሞኛል፤ እሱን አላረምኩትም።

ጠገራ ብርን በተመለከተ አጭር ነኝ። ሁሉም 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ብትሞትም ዓመቱ ሳይለወጥ እስከ ዘመናችን ተመትቷል። «የ1780 ዋናው ነው» ለሚላችሁ ተጨማሪ ሳንቲም አትክፈሉ። አባቶቻችን ትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት፤ ዘጠኝ ነጥብ ካልሞላ ይመልሱታል። በፈረንጆቹ 1935 ሙሶሊኒ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ ማስመታት የጀመረው ለእኛው ወረራ ነው። እጃችሁ የገባው ጠገራ ከዚያ ሊሆን እንደሚችል እያወቃችሁ ግዙት። ጠርዙን ደግሞ በጥፍራችሁ ዳስሱት። በአገራችን ብር በአንገት የሚንጠለጠል ጌጥ ስለነበር አንጥረኛ ማንጠልጠያ ይበይድበታል፤ በኋላ ተነቅሎ፣ ተሞርዶና ተወልውሎ ይመጣል። ጥፍር ስትሰዱ በአንድ ቦታ የጠርዙ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ብረቱም ይለሰልሳል። ለገበያው ይህ ጉድለት ነው፤ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል። ለእኔ የአንዲት ሴት አንገት ነው፤ በጉድለት ዋጋ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ።

የምኒልክን ብር ያገኘሁት በዚያው የቅኝ ግዛት ክምር ውስጥ ነው። ተከራከርን፣ ተስማማን፣ በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ በመጠኑ ተፍቋል፤ ዘውዱ ግን ጥርት ያለ ነው። በጀርባው አንበሳው ግራ የፊት እግሩን አንስቶ ባንዲራውን ይዟል፤ ኋላ በተመቱት ላይ የሚያነሳው ቀኙን ነው። የፓሪስ ገንዘብ መምቻ ቤት ምልክት የሆነችው ትንሽ የላቲን ፊደልም አለች። ዓመቱ ፲፰፻፹፯ ነው። የመጀመሪያው ምት ስለሆነ ሰብሳቢዎች ከኋለኞቹ ይልቅ ይፈልጉታል። ነጋዴው የጻፈው «1880ዎቹ» ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያንን ወረፋ አልሰለፍም ነበር። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰጣችሁ ምክር አንድ ነው፦ ሳንቲሙን ለደረጃ ሰጪ ድርጅት አስረክብ፣ እውነተኛነቱን መርምረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በፕላስቲክ ሣጥን አሽገው ይመልሱልሃል፤ ያልታሸገ ሳንቲም ዋጋ የለውም። ድርጅቶቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ መቀበያ አላቸው። ቅጹ ላይ አገር፣ መጠንና ዓመት ሞላሁ። በዓመቱ ቦታ «1887፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ጻፍኩ። ኮፒውን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፤ እናንተም አስቀምጡ።

ሳንቲሙ ከሳምንታት በኋላ በሚያምር ሣጥን መጣ። የላዩ ወረቀት 1889 ይላል።

ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት ትሑት ነበረች፤ ትሕትናዋ ግን እንደ ግድግዳ ነው፣ ብትገፋው አይነቃነቅም። ባለሙያቸው ከካታሎግ ፎቶግራፍ ጋር አመሳክሮ እንደወሰነ ነገረችኝ። «ባለሙያው የግዕዝ ቁጥር ያነባል?» አልኳት። ጥያቄዬን መዝግባ እንደምታስተላልፍ መለሰችልኝ። ሰውየው እንዴት እንደተሳሳተ እኔ አላጣሁትም። ፯ም ፱ም ከላይና ከታች ሰረዝ አላቸው፤ የሚለያቸው መካከሉ ብቻ ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ናቸው። ለማያነብ ዓይን አንድ ናቸው። ያናደደኝ ስሕተቱ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነበው ሰው ነግሯቸው ካታሎጉን ማመናቸው ነው።

ቁጥሩን በማጉያ ፎቶግራፍ አንስቼ፣ ከጎኑ ከ፩ እስከ ፲ ጽፌ ላክሁ። የእንግሊዝኛ ማስረጃ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕፃን በነፃ የሚያነበውን ነገር በእንግሊዝኛ የሚመሰክር መጽሐፍ ፈልጌ ገጹን ላክሁ። ቀጥለው ሳንቲሙን በራሴ ወጪ እንድመልስ፣ ስሕተቱ የእነሱ ሆኖ ከተገኘ ወጪው እንደሚታይ ጻፉልኝ። «እንደሚታይ» ነው የሚለው። መላኪያና ኢንሹራንስ እንደገና ከፈልኩ። የአገልግሎቱና የመላኪያው ድምር በሳንቲሙ ውስጥ ካለው ብር ዋጋ በለጠ። በመካከል የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን አለፈ፤ ሳንቲሙን ሊገዛኝ ቃል የገባው ሰብሳቢም ሌላ አገኘ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተስተካክሎ መጣ፣ ይቅርታ ግን አልነበረበትም። የመጣው የአገልግሎት እርካታ መጠይቅ ነው። ሞላሁላቸው፤ የቀን ቦታውን በግዕዝ ቁጥር።

ለእውነት ሲባል፣ ሐሰተኛን ከእውነተኛ በመለየት ሥራቸው አልከራከርም፤ ያንን ከእኔ የተሻለ ይችላሉ። ስለዚህ በጣም ውድ ለሆነና ለጨረታ ለሚቀርብ ሳንቲም አሳሽጉ። ለተራው የምኒልክ ብር፣ ለግማሹ፣ ለሩቡና ለግርሹ ግን ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት። የሚያሳሽግ ሰው ሳያስረክብ በፊት የዓመቱን ቁጥር አቅርቦ ፎቶግራፍ ያንሳ፤ ቅጹም ላይ የግዕዙን ቁጥር ራሱን ይሳልበት። የእኔን ሣጥን በመጨረሻ ሰብሬ ብሩን አውጥቼዋለሁ። ሰብሳቢዎች ሲሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ። ለመሸጥ ላሰበ እብደት ነው፤ እኔ ግን ገዢዬን አንድ ጊዜ ካጣሁ በኋላ ላልሸጠው ወስኛለሁ።

በአንድ ነገር ግን ከሙያው ሰዎች ምክር ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፦ አትወልውሉ። በአመድ የተፈተገ ብር ሲያብረቀርቅ ያምራል፤ የላዩ ወዝ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም፣ ባለሙያም ወዲያው ያየዋል።

የአክሱም ሳንቲም ሲቀርብላችሁ ደግሞ ከዋጋው በፊት አመጣጡን ጠይቁ። ጨረቃውን በመስቀል የተካው የንጉሥ ኢዛና ሳንቲም በጠረጴዛ ላይ ሲታይ ልብ ይሰቅላል፤ አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ከአገር የወጣበትን ዘመን የሚያሳይ የድሮ ደረሰኝ ወይም የጨረታ መዝገብ ከሌለው አልነካውም። አንዱ ነጋዴ «ከአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ የመጣ ነው» ብሎኝ የዲፕሎማቱን አገር ስጠይቀው ሳንቲሙን ወደ መሳቢያው መለሰው።

ለመግዛት የሚሻለው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን እየሸከፉ ስለሚደክማቸው አይከራከሩም። ምርጡ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል ይላሉ፤ ለአሜሪካ ሳንቲም እውነት ነው። የእኛን ግን የሚያነበው ስለሌለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።