ወርዳለች ወይ?

ስዊድን ውስጥ ወታደር ልጅ አለችኝ ስል የአገሬ ሰው ደንገጥ ይላል። አልፈርድበትም። እኔም ፖስታው የመጣ ቀን ወጡን ምድጃ ላይ ትቼ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀርቻለሁ።

አገሩ የግዳጅ ውትድርናን በ2010 እ.ኤ.አ. አቁሞት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. መልሶ ሲያመጣው ወንድ ሴት ሳይል ሆነ። 18 ዓመት የሚሞላው ወጣት መጠይቅ ይሞላል፣ ከዚያ የተመረጠው ይመረመራል፣ በመጨረሻ የሚጠራው ጥቂቱ ነው። የኔ ልጅ ከጥቂቶቹ አንዷ ሆነች። «እማ፣ ፎርም እኮ ነው! ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? እኔ የማውቀው ምልመላ ፎርም አልነበረውም። በሌሊት በር ይንኳኳል፣ በቃ።

ጥቅምት 1979 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ እኔ 11። ሁለት አብዮት ጠባቂዎችና ስም ዝርዝር የያዘ ሰው መጡ። አባቴ «እስኪነጋ እንኳ…» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። ወንድሜ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።

የ1975ቱን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አባቴ በቃሉ ይዞት ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ይጠራል፤ 6 ወር ይሠለጥናል፣ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው። በጣቱ እየቆጠረ «ሚያዝያ 81 ላይ ያበቃል» ይለን ነበር። በመሃል ልጁ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ይመጣ እንደሆን፣ እኛስ ልንጠይቀው ብንሄድ እንገባ እንደሆን የሚነግረን ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ሊጠይቅ ሄዶ «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። የማን ሥራ እንደሆነም አልነገሩትም።

ወደ ሰሜን የሚሄድ ጦር በእኛ ከተማ ያልፋል። የአዲስ አበባው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርዳል፣ ሌላው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ወልዲያ፣ መቀሌ እያለ እስከ አስመራ ይዘልቃል። እኛ ልጆች መንገድ ዳር ቆመን ኦራል እንቆጥር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ረመዳን ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው፣ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጣ፤ «ወንድምሽ ኦራል ላይ ነው!»

እናቴ ለማፍጠሪያ የጋገረችውን ዳቦ አንስታ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ትኩስ ስለነበር እየሮጠች ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው ታዛውረው ነበር። ኮንቮዩ ቆሟል። ወንድሜን ያወቅኩት በጆሮው ነው። ፀጉሩን ላጭተውት፣ ፊቱ ከስቶ፣ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። እናቴ «ውረድ ልይህ» አለችው። ዞሮ አለቃውን አየ። ሰውየው በእጁ «ተቀመጥ» አለው። ቤታችን ከዚያ ቦታ የአሥር ደቂቃ መንገድ አይሞላም። ዳቦውን ወታደሮቹ እጅ ለእጅ ተቀባብለው አደረሱለት። እናቴ የኦራሉን የጎን ጣውላ ይዛ ቆመች፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ አብራው ጥቂት ሮጠች። ከላይ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ወደቀ። የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ውስጡ ነው። አስቀድሞ ጽፎት ኖሯል፤ «እማ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለዒድ እመጣለሁ።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። እዚያው አቧራው ላይ ቆሜ እኔ አነበብኩላት።

አባቴ የሞተው ሐምሌ 1981 ነው፣ በጣቱ የቆጠረው ቀን ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ። ወንድሜ መርዶውን የሰማው ምሽግ ውስጥ፣ ከቤተሰብ ደብዳቤ ከደረሰው አንድ የደሴ ልጅ ነው። ፈቃድ ጠየቀ። «አባትህ ተቀብሯል፤ አሁን ሄደህ ምን ልትሠራ?» አሉት። ይህን የነገረኝ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በስልክ ነው። ዓይን ለዓይን እየተያየን የሚወራ አልነበረም መሰለኝ።

አስመራ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ስትያዝ እዚያ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ጥቂቱን በመኪና ብዙውን በእግሩ፣ በኦራል የወጣውን ሐረጎን በእግሩ ወርዶ ቤታችን ደረሰ። እናቴ በሩ ላይ አላወቀችውም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ልጄን የሸኘኋት። ካምፗ ቦደን ነው፣ ሰሜን ጫፍ፣ ከእኛ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር የሚያስኬድ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተና ከስክስ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። «እማ፣ የሚታጠብ ልብስ አለኝ። የሚበላስ አለ?» አለችኝ። ሽሮ እየሠራሁላት አለቀስኩ። ግራ ገባት። ለእሷ ተራ ነገር ነው፤ ወደ ቤት የምትመላለስበትን ትኬት መንግሥት ይከፍላል፣ ማታ ማታ ስልክ ትደውላለች። የቤተሰብ ቀን ተብሎም ተጠርተን ሄደናል። የተኛችበትን አልጋ አየሁ፣ እነሱ የሚበሉትን በላሁ። አዛዧ ጥያቄ አለሽ ወይ ሲለኝ «አባቷ ቢታመምስ?» አልኩት። «ታመለክታለች፣ ትሄዳለች» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን ያቺን መልስ እስከ ቤቴ ድረስ በሆዴ ይዣት ሄድኩ። ደግሞ ወታደሮቹ ራሳቸው የሚመርጡት ምክር ቤት አላቸው፤ ስለ ፈቃድም ስለ ምግብም ቅሬታ ካለ በተወካዮቻቸው በኩል ያነሳሉ።

ያን ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ደወልኩ። «ልጅቷ በፈቃድ መጣች» አልኩት ለወንድሜ።

«ወርዳለች ወይ?» አለኝ።

«ከምኑ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ገባኝና ስልኩን እንደያዝኩ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። «ወርዳለች ጋሼ። ሶፋ ላይ ተኝታለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ቀስቅሰሽ አብያት።»

አንዳንዴ ስናወራ «እነሱ ጦርነት የለባቸውም፤ አታወዳድሪ» ይለኛል። ልክ ነው። ያም ሠራዊት መከራ ላይ ነበር። ግን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ጥይት ሳይተኮስ ውሃ ሲቀዱና ምሽግ ሲጠግኑ ብቻ የሚያልፉ ወራት ነበሩ። ከእነዚያ ወራት አንዱን ሳምንት ቀንሶ ለአባቱ መስጠት ያቅት ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አላምንም። ፈቃድ በአለቃ ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ልጅን ከእናቱ ቤት የሚወስድ ሕግ መቼ እንደሚመልሰውም ቁርጡን ይናገር፣ ቤተሰብ የት ሄዶ እንደሚጠይቅም ይንገር። የምለው ይህን ነው፤ ማንም ቢነግሥ ይህን እላለሁ።

ልጄ አገልግሎቷን ስትጨርስ ለዒድ ይዣት ሄድኩ። እናቴ ያቺን ወረቀት አሁንም አላት። በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ስትሸሽ ብዙ ነገር ጥላ ወጥታለች፣ እሷን ግን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነው የወጣችው። ቡና እየተፈላ ሳለ አውጥታ ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን በደንብ አታነብም። ለአጎቷ አሳለፈችለት።

ወንድሜ ያቺን ወረቀት ሲነካ አይቼው አላውቅም። መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞር አለና ለልጅቷ አነበበላት፣ በቀስታ፣ ቃል በቃል።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ» አላት። «አምስት ዒድ ካለፈ በኋላ።»

እናቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ «መጥቷል እንጂ፣ ይኸው የለም እንዴ» አለችና ስኒውን ለእሱ ዘረጋች።