ካሴቱ እስኪጫን

መጀመሪያ ያሰብኩት 7 ሰው ነበር። 7 ሰው፣ 7 ማሽን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቅዳሜ። «የድሮ ኮምፒውተር ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለውም ባዶ እጁን ይምጣ» ብዬ ለማውቃቸው ላክሁ። የመጣው 11 ሰው ነው። ማሽኑም 9 ሆነ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ «ባለፈው ስሞክረው ይሠራ ነበር» የሚባሉት ዓይነት ናቸው። ይህችን አነጋገር የድሮ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ያውቃታል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ልብ የሚሮጠው ወደ ማሽኖቹ ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር። ኮሞዶር 64 ይኖራል፣ ስፔክትረም ይኖራል፣ አሚጋ 500 ይኖራል (ሁሉም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው) እያልኩ ሳምንቱን በጉጉት ገፋሁት። ሶኬት መቁጠር እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ሐሙስ ማታ ነው። ክፍሉ ያለው 4 ሶኬት። ማሽን ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ለኮምፒውተሩ አንድ ስፒና፣ ለስክሪኑ አንድ፣ ለዲስክ ድራይቩ ወይም ለቴፑ አንድ። 7 በ3 ሲባዛ 21። ዓርብን ሙሉ ማከፋፈያ ስለምን ዋልኩ።

ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ብዙ ኤሌክትሪክ አይበሉም። የሚበሉት ጀርባቸው የወጣ ወፍራም ስክሪኖች ናቸው። ብዙዎቹ ሲበሩ «ድም» ይላሉ፤ ሰምታችሁ ይሆናል። ምስሉን በሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ስክሪኑ ሲበራ ለአፍታ ብዙ ኤሌክትሪክ ስቦ በውስጡ የተጠራቀመውን መግነጢስ ያጠፋል። ያለበለዚያ ቀለሙ ጥግ ጥግ ላይ ይበላሻል። 5 ስክሪን በአንድ ጊዜ «ድም» ቢል ብሬከሩ መውረዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሕግ «አንድ ባንድ አብሩ» ሆነች።

ሁለተኛዋ ሕግ «ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያልነካው አይሰካም» የምትል ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የተሸጠውን ኮሞዶር 64 ውሰዱ። ፓወር ሰፕላዩ ከውጭ ነው፣ እንደ ጡብ የከበደ። ለማሽኑ የሚሰጠው 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ነው። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲያረጅ ዝም ብሎ ቢሞት ጥሩ ነበር። አንዳንዴ ግን ቮልቱን ከፍ አድርጎ ሚሞሪ ቺፖቹን ይዟቸው ይሞታል። ይህን ስለማውቅ እንደ ፈታሽ በር ላይ ቆሜ የሰውን ሁሉ አዳፕተር ለካሁ። አንዱ እንግዳ ቅር አለው።

«30 ዓመት ሠርቷል እኮ!» አለኝ።

«የምለካው ለዚህ ነው» አልኩት።

5 መሆን የነበረበት 5.7 አሳየ። ዝም ብሎ ቴስተሩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ትርፍ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስለነበረኝ አዋስኩት። ያኔ ነው ፊቱ የተፈታው።

እኔ ግን የራሴን አልፈተሽኩም። አይ እኔ! ካመጣኋቸው ማሽኖች አንዱ ፓወር ሰፕላዩ በሆዱ ውስጥ ነው። ከውጭ የሚለካ ነገር ስለሌለው አለፍኩት። በርቶ 20 ደቂቃ ያህል እንደቆየ «ጧ!» አለና ቤቱን ጭስ ሞላው። ጥፋተኛው ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል ያለ አንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ ማሽን ውስጥ በወረቀት የተሠራ ካፓሲተር ይገባ ነበር። ልባሱ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ካፓሲተሩ በአዲስ ይቀየራል፣ በቃ። ሽታው ግን ልብስ ላይ ሳይቀር ያድራል። መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ባለ 5.7 ቮልቱ ሰውዬ ምንም አላለኝም። ቴስተሩን አንስቶ በትሕትና በሁለት እጁ አቀበለኝ።

ስለ ስክሪን ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። «ቲቪ አለ» ስለተባለ ብቻ አትተማመኑ። ስፔክትረም ምስሉን የሚልከው በአንቴና ገመድ፣ በዩኤችኤፍ ቻናል 36 ነው። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ይህን የድሮ አናሎግ ሲግናል አያነቡትም። የክፍሉ ትልቅ ቀጭን ስክሪን «ሲግናል የለም» ብሎ ጠቆረ። ያዳነን አንድ ሰው «ለማንኛውም» ብሎ በመኪናው ያመጣው የድሮ ትንሽ ቲቪ ነው። ቻናል በእጅ ማሠስ ያላየ ልጅ በመካከላችን ነበር፤ በረዶው ቀስ እያለ ወደ ምስል ሲቀየር አፉን ከፍቶ አየ። እግረ መንገዴን፦ የእነዚህን ቲቪዎች ጀርባ ማንም እንዳይከፍት። ከሶኬት ተነቅለውም ቱቦው ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ማንም ሰው እንዳይጠብቅ ብዬ ብዙ ደክሜያለሁ። ለአሚጋው ዲስኬት ድራይቭ መስሎ የሚሠራ፣ ፍላሽ የሚሰካበት ዕቃ ገጠምኩለት። ለኮሞዶሩ ደግሞ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ አዘጋጀሁ። ጌሞቹን በፊደል ተራ ደረደርኩ። እንደ ሙሽራ ቤት የተሰናዳ ጠረጴዛ ሆነ። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ጌም ይመርጣል፣ ሁለት ደቂቃ ይጫወታል፣ ሌላ ይመርጣል፣ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። ጆይስቲኩን (የጌም መጫወቻ እጀታውን) የኮሞዶሩ ወደብ 1 ላይ ሰክቶ ስክሪኑ ላይ የማይገባ ፊደል ሲረጭበት የተደናገጠ አንድ ሰው ነበር። (ወደብ 1 ከኪቦርዱ ጋር መስመር ይጋራል። ወደብ 2 ላይ ስካው፣ አለቀ።) ያ እንኳ ትንሽ ወሬ ፈጠረ። ከዚያ ውጭ ጠረጴዛዬ ላይ የረጋ ሰው አልነበረም።

ሰው የተሰበሰበው ጥግ ላይ ነው። እዚያ ያለው ባለ 48 ኪሎባይት ስፔክትረም፣ አንድ የካሴት ቴፕ እና ጡረታ የወጡ አንዲት ፕሮግራመር ናቸው። ለእትዬ ካርድ ማንበቢያዬን አሳይቻቸው ነበር፤ «ጥሩ ነው ልጄ» ብለው ካሴታቸውን ከቦርሳ አወጡ።

ጌሙ ካሴቱ ላይ የተቀዳው በድምፅ መልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያን እየሰማ አንድ ጌም ለመጫን 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ረጅም ፉጨት አለ፤ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች ይንሸራተታሉ። ከዚያ መረጃው ሲጀምር ድምፁ ወደ ጩኸት ይለወጣል፣ መስመሮቹም ሰማያዊና ቢጫ ይሆናሉ። በዚህ መሐል ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። እጁን አጣጥፎ ከጎኑ ካለው ጋር ማውራት ብቻ ነው። ማን ምን ዓይነት ማሽን እንደነበረው፣ ማን የወንድሙን ካሴት በስህተት በዘፈን እንደቀዳበት፣ ሁሉም ወጣ። የአሚጋው ባለቤት ሳይቀር ማሽኑን ጥሎ መጣ። አሚጋው ዲስክ አልገባብኝም እያለ ብቻውን «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል።

4ኛው ደቂቃ ላይ ስፔክትረሙ የቴፕ ስህተት አለ ብሎ አቆመ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። እትዬ ግን ገና ፉጨቱን ሲሰሙ «ድምፁ ደብዝዟል» ብለው ነበር። የቴፑ ማንበቢያ ራስ ትንሽ ካዘመመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ቀጭን ካቻቢቴ ለመኑ፣ በራሱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ሩብ ያህል አዞሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ትንሽ መለሱ። «አሁን ጠራ» አሉ። እንደገና 5 ደቂቃ።

በሁለተኛው 5 ደቂቃ ነው ያ ቲቪ ሲታሠስ የተገረመው የ14 ዓመት ልጅ ጥያቄውን ያመጣው።

«እትዬ፣ ይሄ በአማርኛ ይጽፋል?»

«ካስተማርከው ይጽፋል» አሉት። ባለ ካሬ ወረቀት ወጣ።

ስፔክትረም ላይ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ነው። ተጠቃሚው ራሱ የሚስላቸው ፊደላት ቦታ ደግሞ 21 ብቻ። ልብ በሉ፣ 21! እኛ 33 በ7 ስናባዛ 231 ነን። ሀ፣ ለ፣ ሐ ከነቤተሰባቸው ሲገቡ ቦታው ጥንቅቅ ብሎ ይሞላል፤ መ ደጅ ላይ ትቀራለች። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከዚያ ክርክር ተነሣ፦ 21 ብቻ ከሆነ የትኞቹን ትመርጣለህ? አንዱ ሐና ኀን ለምን ከነጭራሹ አናስቀርም ሲል ሌላው እንደ ስድብ ቆጠረው። ጌሙ መሐል ላይ ድጋሚ መቆሙን ያየ ሰው የለም።

ለሙከራ «ሰላም» ተመረጠች። 3 ፊደል፣ በፊደል 8 ረድፍ፣ በረድፍ አንድ ቁጥር፣ በድምሩ 24 ቁጥር። እትዬ ለልጁ አሳዩት፦ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። የተቀባውን ነጥብ ትደምራለህ፣ ያልተቀባውን ታልፋለህ። ሰ ቀለለች። ም አስቸገረች፤ ሁለት ክብ ጎን ለጎን፣ ከሥር ደግሞ ጭራ፣ ሁሉም በ8 ነጥብ። 4 ሰው ባንድ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ስለ አንዲት ነጥብ ተጨቃጨቀ።

ቁጥሮቹ ገቡ። ልጁ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ሰለም» ነው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ወረቀቱን በጣቱ ተከትሎ ጥፋቱን ራሱ አገኘው። የላ የመጨረሻ ሁለት ረድፎች 2 እና 2 መሆን ሲገባቸው 66 እና 66 ብሎ አስገብቷል። 66 ሁለቱንም እግር ያወርዳል፤ 2 የቀኙን ብቻ። ሁለት ቁጥር አስተካከለ። «ሰላም» አለ ማሽኑ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከስክሪኑ ጥግ ላይ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አላስታውስም። አንድ መበየጃ ጠፍቶ ተገኘ። ከባለ «ይሠራ ነበር»ዎቹ አንዱ ኪቦርዱ ተፈትቶ ተጸድቶ ሠራ፤ ሌላው ወደ ቤቱ እንደመጣ ተመለሰ። ለሚቀጥለው ጊዜ ማከፋፈያዎቹ ላይ ስም እንለጥፍ ተባባልን፤ ሲለያዩ የማን የማን እንደሆነ ጠፍቶን ነበር። የካርድ ማንበቢያዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቆያል።

እሑድ ክፍሉን ሳጸዳ የእትዬ ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ውስጡ ካሴት አለ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «24 ቁጥር» ተብሎ ተጽፎበታል። ስፔክትረሙን ከትንሹ ቲቪ ጋር መልሼ ሰካሁት። ካሴቱን አጠነጠንኩ። ፉጨቱ መጣ፣ ቀይና ውሃ ሰማያዊው መጣ፣ ከዚያ ስህተት አለና ቆመ። ብሎኗን በካቻቢቴ በጣም ትንሽ ነካኋት። በሁለተኛው ሙከራ ገባ።