ትንፋሽ አጥሮኝ የዋጥኩት ግስ፦ 7 ወር ራፕ በመድረክ ላይ

ቤት ውስጥ ራፕ መቅዳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። መድረክ ላይ ግን ገና 7 ወር ሆነኝ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው የገባኝ በመጀመሪያው ምሽት ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ታዳሚው ቢበዛ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ቨርስ፣ ማለትም ሁለተኛው የግጥሙ ክፍል ላይ ትንፋሼ አለቀ።

ጓደኛዬ በስልኩ የቀረጸውን ሲያሳየኝ አንድ ነገር ገረመኝ። የመስመሮቹ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠፋው መጨረሻቸው ነው። አማርኛ ደግሞ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው! "እናቴን በር ላይ ቆማ…" ብዬ እተነፍሳለሁ፤ አየኋት ይሁን ተውኳት ማንም አልሰማም። ቤት የሚመታውም እዚያው ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሲደክመኝ መጥበቅ ያለበት ፊደል ይላላል። በዓሉን ገና አላልቼው "ገና ነው" ያልኩ መሰለ። ሳቁብኝ።

ቢቴ፣ ማለትም የምራፕበት ሙዚቃ፣ በደቂቃ 90 ምት ነው። አንድ ባር አራት ምት ስለሆነ 16 ባር ያለው ቨርሴ 64 ምት ነው፤ ወደ 43 ሴኮንድ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ አራት አራት መስመር እየቆረጥኩ ስለምቀዳ፣ 43 ሴኮንድ ሳልቋረጥ ብዬው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ደረጃ ያዝኩ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ማታ ማታ እየወጣሁ እየወረድኩ ቨርሱን እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በሩን ከፍተው "ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አሉኝ። እውነት ለመናገር ደረጃው ብቻውን አልበቃም። የለወጠኝ ግጥሙን እንደገና መጻፍ ነው። ትንፋሽ የምስብበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። ቦታ ያጣሁበት መስመር ላይ ቃል ቀነስኩ። ያሳዝናል፣ ግን ማንም ያልሰማው ቃል ምን ያደርግልኛል?

ቀጥሎ ተቀባይ አገኘሁ። አሜሪካዊው ራፐር በስታ ራይምስ መድረክ ላይ ሲወጣ አጠገቡ ስፕሊፍ ስታር አለ። ቪዲዮዎቻቸውን እያቆምኩ አየሁ፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው የመስመሩን ጫፍ ያነሳለታል። ራፐሩ ጄይ-ዚም ስሙ ሳይገን ከሌላው ራፐር ከቢግ ዳዲ ኬን ጋር ይዞር ነበር፤ ኬን ልብስ ሊቀይር ሲገባ መድረኩን የሚይዘው እሱ ነበር። ሆያ ሆዬ የጨፈረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ "ሆ" ይላሉ፤ እሱም በዚያች ክፍተት ይተነፍሳል። ለነገሩ የመጀመሪያ ቱሬ ቡሄ ነበር፤ ከቤት ቤት፣ ክፍያው ሙልሙል። አሁን ያኔ አብሮኝ የጨፈረው የሰፈር ልጅ ነው የሚቀበለኝ። ፕሌይባኩ ላይ፣ ማለትም መድረክ ላይ ከኋላዬ በሚለቀቀው ቅጂ ላይ የነበረውን የራሴን ድምፅም አስወጣሁት። ተደግፌበት ሰንፌ ነበር።

በአራተኛው ወር አዳማ ሄድን። አዳራሹ ሰፊ፣ ግድግዳው ባዶ ነበር። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የኋላው ግድግዳ 17 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ እስኪመለስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጃል። እኔ የተከተልኩት ያንን የተመለሰውን ከበሮ ነው፤ ከቢቱ ወጣሁ። አሁን ሳውንድ ቼክ (ከሾው በፊት ያለው የድምፅ ሙከራ) ላይ ቀድሜ የምጠይቀው ሞኒተር፣ ወደ እኔ የዞረ ስፒከር ነው፤ ከበሮውና የእኔ ድምፅ ከፊቴ ይምጡ እላለሁ። ማይኩን ደግሞ ጭንቅላቱን ጨብጬ መያዝ ተውኩ። እንደዚያ ሲያዝ በቪዲዮ ያምራል። ግን የኋላ ቀዳዳዎቹ ሲታፈኑ ማይኩ ድምፅን ከየአቅጣጫው ይለቅማል፤ ሞኒተሩም ያፏጫል።

ሐዋሳ የጋበዘን ሰው የትራንስፖርቱን ብር "ከሾው በኋላ" አለን። ከሾው በኋላ ስልኩ አልሠራም። ቀብድ ሳትይዙ አትሳፈሩ፣ በቃ።

አሁን 20 ደቂቃ እቆያለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን አሁንም እጆቼ ይከብዱኛል፤ በዘፈኖቹ መሃል ብዙ ማውራት አልተውኩም። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ስለማመድ ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩና አየር ልስብ ቆም አልኩ። እትዬ በሩን ሳይከፍቱ፣ ከውስጥ ሆነው "አየኋት!" ብለው ጨረሱልኝ።