መኪናዬን ከፍ ባደርጋት መሪው ከዳኝ

የምነዳው ላንድክሩዘር 80 ነው፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ሥራዬ ቱሪስት ማመላለስ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ ስል ነው የምከርመው። ባለፈው ዓመት ኋላዋ ወረደ። ምን ይደንቃል? ፖርቶመጋላው ላይ ስድስት ጀሪካን ናፍጣ እጭናለሁ፣ እሱ ብቻ 100 ኪሎ ይሆናል። ድንኳኑ፣ የምግቡ ሳጥን፣ ትርፍ ጎማው፣ ምግብ አብሳይዋ፣ እንግዶቹ ሲጨመሩበት የደረቀ ወንዝ ባቋረጥኩ ቁጥር ሆዷ መሬት ይልሳል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ገና ሳያያት «ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ሁለት ኢንች ከፍ እናደርጋታለን» አለኝ። ቶርኖ ቤት አምስት ሴንቲ ውፍረት ያላቸው አራት የፕላስቲክ ቀለበቶች አስቀረጸና በየሞላው ራስ ላይ ደነቀራቸው። «አሞርዛተሩስ፣ የሞላውን መንጠር የሚያበርደው?» ብለው «ገና አዲስ ነው፣ ምን ሆነ?» አለ። በግማሽ ቀን ተጠናቀቀ። ስትቆም አንበሳ! ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬያለሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቡታጅራን አለፍ ብዬ 80 ላይ ስደርስ መሪው ዋለለ። ከባድ መኪና በጎኔ ባለፈ ቁጥር መኪናዋ ወደ ጎን ትሄድብኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አሁንም ትሄዳለች። ድሮ ከኩርባ ስወጣ መሪውን ለቀቅ ካደረግኩት በራሱ ይመለስ ነበር። አሁን ባለበት ቀረ። በእጄ ካልመለስኩት ገደል ነው።

ጎሚስታው ባላንስ ነው አለኝ፣ ባላንስ አሠራሁ። ከዚያ አላይመንት፣ ማለት የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ቦታ ያለው ልጅ ነው ወረቀቱን አውጥቶ እውነቱን የነገረኝ። «ይቺ ፊቷ ድፍን አክስል ነው፣ እዚህ ማሽን ላይ የማስተካክልልህ የጎማዎቹን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ካስተሩ ግን ጠፍቷል፣ እሱን በአላይመንት አላመጣልህም።»

ካስተር ማለት፣ ብስክሌት ካያችሁ የፊቱ ሹካ ወደ ኋላ ጋደም ያለ አይደል? ብስክሌቱን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። የ80ዋን የፊት አክስል የያዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ሲሆኑ የኋላ ጫፋቸው ሻንሲው ላይ ታስሯል። ሻንሲው ወደ ላይ ሲሄድ የክንዶቹንም የኋላ ጫፍ አብሮ ያነሳዋል፣ አክስሉ አፍንጫውን ይደፋል፣ ያ ጋደም ማለት ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ ጎሚኒ ነው፣ ክንዶቹ ከአክስሉ ጋር የሚታሰሩበት ላስቲክ ማለት ነው፣ አክስሉን መልሶ ጋደም ያደርገዋል። እሱ ተገዝቶ እስኪገባ ግን የያዝኩት ጉዞ አልጠበቀኝም።

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ስወርድ ከኋላ ቋ፣ ቋ ይላል። ጀሪካን መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገመድ አጠበቅኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና ጧ! የቀኙ አሞርዛተር የላይ ማሰሪያው ተበጥሶ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሏል። ነገሩ ቀላል ነው። ሞላው በአምስት ሴንቲ ተገፍቷል፣ አሞርዛተሩ ግን ያው የድሮ ቁመቱ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር የአክስሉን ክብደት ይዞ የሚያስቆመው እሱ ሆነ። እሱ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። ከእንግዶቼ አንዷ አሮጊት ፈረንጅ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆመች፣ እኔ ስር ተኝቼ በሽቦ አስሬ በ20 እየነዳሁ ጂንካ ገባሁ።

ጂንካ ያገኘሁት ሽማግሌ መካኒክ መሬት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ከኋላ ገቡና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን አትደፋም?» አሉኝ።

«ትደፋለች ጋሼ። ጭነት እየመሰለኝ ነው።»

«ምን ጭነት! ይቺን ዘንግ እያት።»

ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል የምትወርድ ቀጭን ዘንግ አለች። ጭነት ሲበዛ ኋላው ዝቅ ስለሚል ዘንጓ ተገፍታ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ታሳልፋለች፣ ኋላው ቀለል ሲል ትቀንሳለች። ሻንሲው ከፍ ሲል መኪናዋ ባዶ መስላታለች። እኔ ያን ሁሉ ሸክም ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ሥራው የሚበዛው በፊት ፍሬን ላይ ነው፣ የኋላው ደክሟል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። መሪው ሲዋልል ታውቀዋለህ፣ ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም። እሳቸው ማሰሪያዋን በብረት አስረዝመው ቦታዋን መለሱላት።

አዲስ አበባ ስመለስ ቀለበቶቹን አስወለቅኩ። ጭነቴን አስመዝኜ ለዚያ ክብደት የሚሆን ጠንከር ያለ ሞላ ገዛሁ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ አሞርዛተር፣ ያንን ጎሚኒም ጨመርኩ፣ የፍሬኗን ዘንግ ደግሞ እንደገና ለክተን አስተካከልናት። አሁን ሙሉ ጭነት ላይ ከድሮው ሦስት ሴንቲ ከፍ ብላ ትሄዳለች፣ መሪውም ይመለሳል። ለካ ችግሬ ቁመት ሳይሆን ደክሞ የተኛ ሞላ ነበር። እናንተም ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፣ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ጭናችሁ። ቁጥሩ ጭነት ላይ ብዙ ከወደቀ ሞላው ነው። «ከፍ እናርጋት» ብቻ የሚላችሁን ስለ አሞርዛተር፣ ስለ ካስተርና ስለ ፍሬኗ ዘንግ ጠይቁት፣ ከሳቀባችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቀለበቶቹን ልጥል ስል ባለቤቴ አንዷን ወሰደች። የጀበና ማቶት ሆናለች። ጠርዟ ትንሽ ቀልጧል እንጂ ጀበናውን ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች።