ብርሃን ስጠብቅ መዳብ መጣ

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ኢንቴል ሳንፍራንሲስኮ ላይ «ላይት ፒክ» የሚባል ነገር ሲያሳይ፣ እኔ በዩኤስቢ መቶ ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ እጠብቅ ነበር። የእነሱ ኬብል እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር (ፋይበር) መረጃን በብርሃን፣ በሰከንድ 10 ጊጋቢት፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል ተባለ። አንድ ሙሉ የብሉሬይ ፊልም ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ! ጓጓሁ።

በፌብሩዋሪ 2011 ስሙ ተንደርቦልት ሆኖ ከአፕል ማክቡክ ፕሮ ጋር ወጣ። ፍጥነቱ ያው 10፣ ኬብሉ ግን መዳብ፤ ርዝመቱም ቢበዛ ሦስት ሜትር። ኢንቴሎች መዳቡ ከጠበቅነው በላይ ሠራ አሉ። ቅር አለኝ። ለዓመታት ሰው ባገኘሁ ቁጥር አማርሬያለሁ።

ኋላ የፋይበሩም ኬብል ገበያ ላይ ዋለ፤ እኔም ባለ አሥር ሜትሩን ገዛሁ። የዲስክ ሣጥኔ እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚያጓራ ድምፅ መቅዳት አላስችል ብሎኝ ነበር፤ ጓዳ አስገባሁትና ተገላገልኩ። የኬብሉ ጫፍ ሲነኩት ሞቅ ይላል፤ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚለውጡት ሌዘሮች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ደንበኛ ያመጣልኝን ትንሽ ዲስክ በዚያው ኬብል ሰካሁ። መብራቱ እንኳ ብልጭ አላለም። ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ዲስክህ ሞቷል መሰለኝ።»

«ኧረ ትናንት ማታ ሠርቷል!»

ብሎን መፍቻ ካነሳሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሣጥኑ የራሱ ሶኬት አለው፤ ትንሿ ዲስክ ግን ኃይል የምትቀበለው ከኮምፒውተሩ ነው። መስታወት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም! ያ ያማረርኩበት መዳብ ከመጀመሪያው 10 ዋት ይዞ ነበር የመጣው።

ከዚያ ወዲህ በ2015 ተንደርቦልት 3 ፍጥነቱን 40፣ በ2023 ደግሞ 5ኛው 80 ጊጋቢት አደረሱት። ፍጥነት ሲጨምር መዳብ ያጥራል፤ 40ው ያለ ረዳት ቺፕ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ለጠረጴዛ ግን ይበቃል፤ ስንቱ ሰው ነው ዲስኩን ጓዳ የሚያስቀምጠው?

የደንበኛዬ ዲስክ በግማሽ ሜትር መዳብ ስትሰካ ወዲያው በራች። ትልቁ ሣጥን ጓዳ፣ ከበርበሬው ጎን ያጓራል።