ቁልፍና ጓጉንቸሩን የተውኩበት ትምህርት

ድሬዳዋ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለዓመታት ሪሴፕተርን (በሴሉ ሽፋን ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበለውን ፕሮቲን) ጓጉንቸር፣ ዶፓሚንን (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል) ቁልፍ እያልኩ ኖሬአለሁ። ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ስለሚመልሱልኝ የገባቸው ይመስለኝ ነበር።

ያስቆመችኝ እናቷ ጫት የምትሸጥ ተማሪ ናት። ዶፓሚንን ወደ ነርቭ ሴሉ የሚመልሰውን አጓጓዥ ፕሮቲን ሰሌዳ ላይ እንደ በር ስዬዋለሁ። «መምህር፣ በሩ ሲከፈት ውጭ ያለው ሁሉ ለምን ግር ብሎ አይገባም?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በሳልኩት ስዕል ግን ላሳያት አልቻልኩም።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መዳፎቼን እንደ አጓጓዡ ገጠምኩ፤ የጣቶቼ ጫፍ የሴሉ ውጭ፣ ግርጌው የሴሉ ውስጥ ነው። የጣቶቼን ጫፍ ስከፍት ግርጌው እንደተገጠመ ይቆያል፤ ጫፉን ስገጥም ደግሞ ግርጌው ይከፈታል። በመሃል ሁለቱም ዝግ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ፤ ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት ግን የለም። ሳይንቲስቱ ኦሌግ ጃርዴትዝኪ ስለ አጓጓዥ ፕሮቲኖች እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው።

በማግስቱ የባቢሌ ለውዝና የጨው እንክብል ይዤ ገባሁ። አንዱ ለውዝ ዶፓሚን፣ ሁለቱ ጨው ሁለት ሶዲየም። (ክሎራይድም አለ፤ እጄ ላይ ቦታ ስላጣሁለት በቃል ብቻ ነገርኳቸው።) ሶዲየም ከሴሉ ውጭ ከውስጡ አሥር እጥፍ ያህል ይበዛል። ፕሮቲኑ ዶፓሚኑን የሚያስገባው በዚያ ግፊት ነው።

ከዚያ ወደ ጫት ገባን። ካቲኖን፣ ማለትም በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ዶፓሚንን ስለሚመስል በዚያው አጓጓዥ ይገባል፤ ውስጥ ያለው ዶፓሚንም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይወጣል። ኮኬይን ግን አያልፍም። በጣቶቼ መካከል ሎሚ ሰንቅሬ መዳፌ አልገጠም ሲል አሳየኋቸው። ልጅቷም ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር እንደሚቀየር ስትሰማ፣ እናቷ ጫቱን በእርጥብ ቅጠል የምትጠቀልልበትን ምክንያት ራሷ ለክፍሉ አስረዳች።

ፈተናውን ሳርም ግን ደነገጥኩ። ብዙዎቹ ዶፓሚን በሪሴፕተሩ በኩል ሴሉ ውስጥ ይገባል ብለው ጽፈዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መዳፌን ብቻ ስላሳየኋቸው ሁሉን በዚያ ለኩት። አሁን ሪሴፕተሩን አስቀድማለሁ። የሪሴፕተሩ ሰባት ዘንጎች የሆኑ ሰባት ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ራሳቸው ከሴሉ ውጭ፣ እግራቸው ውስጥ ነው። ለውዙን ከላይ ስሰጣቸው ስድስተኛው እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ በተከፈተው ክፍተት ጂ ፕሮቲን (መልእክቱን ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈው ፕሮቲን) የሆነው ልጅ ይጠጋል፤ ለውዙ እዚያው ላይ ይቀራል። የሳይንቲስቱ ብራያን ኮቢልካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 የዚሁ ዘር የሆነውን የአድሬናሊን ሪሴፕተር ከጂ ፕሮቲን ጋር ሲያሳይ፣ የስድስተኛው ዘንግ የውስጥ ጫፍ 14 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ወደ ጎን ሄዶ ተገኝቷል። በዓመቱ ኮቢልካና ሮበርት ሌፍኮዊትዝ ኖቤል ተሸለሙ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ለውዙ ሳይደርስ እግሩን አነሳ!» ብሎ ጓደኛውን ከሰሰ። እንዲቀመጥ አላደረግሁትም። ብዙ ሪሴፕተሮች ምንም ሳይነካቸውም አልፎ አልፎ እንዲህ ስለሚነቁ፣ የሚቀጥለውን ሰዓት በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ አዋልነው።